ይሁን ያላለ ጉባኤ

ኅዳር 24፣ ረቡዕ

ገበያ ዋለ። እማ እንደ ወትሮዋ ምስሯን በአህያ ጭና ከቆላ ወጣች። በቢሮዬ መስኮት ብቅ ብላ፣ "ሰብልዬ፣ ወረቀቱ ነው የሚበላሽ ወይስ አንቺ ነሽ ወረቀቱን የምትበይው? ከሳሽ እኮ!" አለችኝ። ምሳ እኔ ቤት በላን። ሽሮ። የገናው ጾም ገና ብዙ ይቀረዋል።

ዛሬ ደግሞ ጉድ ሆነ። የወፍጮ ቤቱ ሞተር ድንገት ሲነሣ ግማሹ ገበያተኛ መሬት ላይ ተኛ፣ ግማሹ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ሮጠ። በርበሬዋ የተደፋባት፣ እንቁላሏ የተሰበረባት… ወፍጮ መሆኑ ሲታወቅ ሰው ሁሉ ተሳሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ካለፈው ዓመት ወዲህ የኛ አገር ሰው ከላይ የመጣ ለሚመስል ድምፅ እንዲህ ሆኗል። ምክንያቱን እዚህም አልጽፈውም።

ከሰዓት በኋላ አለቃዬ አቶ እንዳልካቸው አንድ ወረቀት ሰጡኝ። "ለጥፊው" አሉ። የቀበሌው ጸሐፊ እኔ፣ ለጣፊውም እኔ።

አንድ ኩባንያ ሰው በማይነዳው አውሮፕላን ለጤና ኬላዎች መድኃኒት ሊያመላልስ ነው። ለዚህም በሦስት ነገር ከበረራ ደንቡ ነፃ እንዲደረግ ጠይቋል። ከተፈቀደው ከፍታ ዝቅ ብሎ ለመብረር፣ ሰው በተሰበሰበበት ላይ ለማለፍ፣ በዓይኑ የሚከታተለው ሰው ሳይኖር ለመሄድ። "የአካባቢው ነዋሪ እስከ ታኅሣሥ 24 አስተያየቱን ይስጥ" ይላል።

ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ከደንብ ነፃ መውጣትም አለ ለካ! እኔ ይኸን ሁሉ ዓመት ሳልጠይቅ…

ኅዳር 27፣ ቅዳሜ

ማስታወቂያውን በዱቄት ሙጫ ለጥፌው ነበር። ፍየል ጥጉን ልሳ ልሳ ገነጠለችው። እስካሁን ልብ ያለችው እሷ ብቻ ናት።

ታኅሣሥ 1፣ ረቡዕ

እማ ስለ ወረቀቱ ሰምታለች። አነበብኩላት።

"ዝቅ ብሎ ማለት… እስከ የት?"

"አልተጻፈም እማ።"

"በዝንጀሮ በር ላይ ነው የሚያልፍ?"

አዎ አልኳት። አብሮ የመጣውን ካርታ አይቼዋለሁ። መሥመሩ ልክ በበሩ ላይ ነው።

ዝንጀሮ በርን ያላየ ሰው ምን ይገባዋል? ከቆላ የሚወጣው መንገድ ገደሉ ላይ ሲደርስ አንድ ጭነት ብቻ የሚያሳልፍ ይሆናል። ጥምዝ ነው፤ ከዚያኛው ጫፍ የሚመጣው አይታይም። ሁለት ጭነት መሐል ላይ ከተገናኘ አንዱ ወደ ገደል ነው። ስለዚህ ሊገባ የፈለገ ሰው ጫፉ ላይ ቆሞ "በር!" ብሎ ይጣራል። ውስጥ ሰው ካለ "ያዝኩ!" ይላል። መልስ ከሌለ ይገባል። ከአያት ከቅድመ አያት ጀምሮ በጆሮ ነው የሚታለፈው።

"እንግዲያ ያ ነገር ከላይ እየጮኸ ማን ማንን ሊሰማ ነው?" አለች እማ። "ከብቱስ? ሰውስ? ሲበረግግ ወዴት ሊሮጥ?" ከዚያ ስለ ምስር ዋጋ ማውራት ጀመረች። እኔ ግን ነገሩ ከሆዴ አልወጣም።

ታኅሣሥ 5፣ እሑድ

ከኩባንያው አንድ ኢንጂነር ትናንት መጣ። ዳንኤል ይባላል። የአዲስ አበባ ልጅ፣ ትሑት፣ ለትልቅ ሰው ከወንበሩ የሚነሣ። በስልኩ ቪዲዮ አሳየኝ። ነጭ ነገር ነው፣ ክንፉ ረጅም። "ድሮን አትበሉት፣ ሰው ይፈራል። መድኃኒት አድራሽ በሉት" አለኝ። ከአርብ ገበያ ከተማ እዚህ በዐሥራ ሁለት ደቂቃ ይደርሳል አለ።

ዐሥራ ሁለት ደቂቃ!

ማሬ… እህቴ… ስትወልድ ደሙ አልቆም አላት። በቃሬዛ በዝንጀሮ በር አወጣናት፣ ጤና ኬላው ድረስ በሕይወቷ ደረሰች። ደም የሚያቆመው መርፌ ግን አልቆ ነበር። ሰው ወደ አርብ ገበያ ላክን። እስኪመለስ አራት ሰዓት ፈጀ። ሲመለስ ምን ያደርጋል… ነጠላ አልብሰናት ነበር።

ዳንኤልን ልስመው ምንም አልቀረኝ።

ታኅሣሥ 7፣ ማክሰኞ

ስብሰባው ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ፣ ከወይራው ሥር ተደረገ። ሰማንያ ሰው መጣ። የንስሐ አባታችን ቄስ ገብረ መድኅን መካከል ተቀመጡ። እማም ከሴቶቹ ጋር ነበረች። ዳንኤል አንድ ሰዓት ሙሉ አስረዳ፣ ላቡ እስኪንጠፈጠፍ። አቶ እንዳልካቸው፣ "አስተያየት ያለው?" አሉ። ዝም። "ጥያቄ?" ዝም። "የሚቃወም?" ሳል እንኳ የሳለ የለም። ከዚያ ቄስ ገብረ መድኅን ተነሡ። "እንግዳችንን አምላክ በሰላም ያግባልን" ብለው መስቀላቸውን አሳለሙትና ሄዱ። ሰውም ተከትሏቸው ሄደ።

ዳንኤል ፊቱ በራ። "እንዲህ ያለ ጨዋ ሕዝብ አይቼ አላውቅም!" አለ።

ኧረ ወዲያ! እኔማ ገብቶኛል። በጎ አስቦ የመጣን እንግዳ ፊት ለፊት እምቢ ማለት እኛ ዘንድ ነውር ነው። የተስማሙበት ነገር ከሆነ ትልቁ ሰው "ይሁን" ይላል፣ ጉባኤው "ይሁን፣ ይሁን" ብሎ ይቀበለዋል። ይሁን ካልተባለ አልሆነም። ስማቸው የሚባል ልጅ የላካቸው ሽማግሎች እኔን ሊጠይቁ የመጡ ጊዜ፣ አባቴ ነፍሱን ይማረውና፣ አንዲት ቃል ሳይተነፍስ ተቀመጠ። ሽማግሎቹ ጋቢያቸውን ሰብስበው ተነሡ። ስማቸው መካነ ኢየሱስ ከተማ ሄዶ ሌላ አገባ። ይኸው ዐሥር ዓመቱ። ለምን እንደከለከለው እንኳ አላውቅም። ዝም ያለን ሰው ምን ብለሽ ትጠይቂዋለሽ?

አቶ እንዳልካቸው የደብረ ታቦር ሰው ናቸው፤ እዚህ ከመጡ ዓመት አልሞላቸውም። "ጻፊ፤ ተሰብሳቢው ያለ ምንም ተቃውሞ…" አሉ። ልነግራቸው አፌን ከፈትኩ። ማሬ ትዝ አለችኝ። አባቴም ትዝ አለኝ፤ ያኔ ንዴቴ መጣ። አፍ አላቸው አይደል? ለምን አይናገሩም? ሁልጊዜ ሌላው ነው የሚተረጉምላቸው?

"ከተሰብሳቢው ምንም ዓይነት ተቃውሞ አልቀረበም" ብዬ ጻፍኩ። ውሸት አይደለም። ፈረምኩበት።

ታኅሣሥ 8፣ ረቡዕ

እማ ደስ ብሏት መጣች። "እምቢ አልናቸው፣ እፎይ! ልጁ ግን አንጀቴን በላው።"

ሽሮ ጨመርኩላት።

"እንዳልነው ጻፍሽ አይደል?"

"ጻፍኩ።"

ውሃ ጠጣሁ።

ታኅሣሥ 13፣ ሰኞ

አልቻልኩም። ለአቶ እንዳልካቸው ነገርኳቸው። ዝምታው እምቢታ ነበር አልኳቸው። ሳቁ፣ በክፋት አይደለም። ቅጹን አውጥተው፣ "ሰብለ፣ ሁለት ሣጥን ነው ያለው። ይደግፋል፣ ይቃወማል። ዝም ይላል የሚል ካለ አሳዪኝና ምልክት ላድርግ" አሉኝ። ቀጠሉና፣ "ደግሞስ፣ ዝንጀሮ በር ላይ ዝም ከተባለ ይታለፋል ያልሽኝ አንቺው አይደለሽም እንዴ?"



ቃለ ጉባኤው ወደ ፈቃድ ሰጪው መሥሪያ ቤት ሄዷል። "ግን እስከ ሃያ አራት ማንም ሰው በስሙ ጽፎ መላክ ይችላል። አንቺም ጭምር" አሉ። እውነታቸውን ነው።

ታኅሣሥ 19፣ እሑድ

ከቅዳሴ በኋላ ቄስ ገብረ መድኅንን ጠብቄ፣ "አባቴ፣ ሕዝቡ በጽሑፍም ቢናገር ጥሩ ነበር" አልኳቸው።

"ምን ብሎ?"

"እምቢ ብሎ።"

"ተብሏል እኮ ልጄ። እምቢታ ይደጋገማል እንዴ? እንግዳን መስደብ ይሆናል። ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው፣ አትይም?"

አየት አደረጉኝ። "ምነው? ያልነገርሽኝ ነገር አለ?"

"የለም አባቴ።"

መስቀል ተሳልሜ መጣሁ። መስቀል ተሳልሜ! የኔ ነገር…

ታኅሣሥ 24፣ ዓርብ

የመጨረሻው ቀን። ከጠዋት ጀምሮ ወረቀት ፊቴ ላይ ነው። "እኔ ሰብለ ታፈረ፣ የጻፍኩት ቃለ ጉባኤ ጎደሎ ነው" ብዬ ጀመርኩ። ስለ በሩ ጻፍኩ፣ ስለ ጥሪው፣ ገበያው ለወፍጮ እንዴት እንደተኛ። ጥሩ አድርጌ ነው የጻፍኩት።

አምስት ሰዓት ላይ አንዲት ነፍሰ ጡር በቃሬዛ አለፈች፣ በመስኮቴ ሥር። ፊቷን አየሁት። ደህና ወለደች አሉ፣ ወንድ። እኔ ግን ያየሁት የማሬን ፊት ነው። መርፌ የለም ቢሏትስ ኖሮ? እናቴ ሃምሳ ዓመት በዚያ በር ወጥታ ወርዳለች፣ ምን ሆነች? ለአንድ ድምፅ ብዬ መርፌ ላስቀር?

ወረቀቱን አጥፌ ዳዊቴ ውስጥ ከተትኩት። ዐሥራ አንድ ሰዓት ላይ ቢሮው ተዘጋ።

ሳይደርቅ በርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ ይላል የኛ ሰው። እኔ ሁለቱንም አሳለፍኩ።

ታኅሣሥ 29፣ ረቡዕ

ገና። እማ ጋ ዋልኩ። ሰማዩ ጥርት ብሏል፣ ጭረት ደመና የለበትም። ቀና ቀና የምለው ግን ለምንድን ነው?

ጥር 14፣ ሐሙስ

ደብዳቤው መጣ። ተፈቅዷል። ለስድስት ወር፣ በሦስቱም። ምክንያቱም ተጽፏል። "ከተሰብሳቢው ምንም ዓይነት ተቃውሞ አልቀረበም።" የኔ ዐረፍተ ነገር ነው፤ አንድ ቃል አልጎደለ፣ አንድ ቃል አልተጨመረ። ተምሬ ከጻፍኩት ሁሉ አዲስ አበባ የደረሰልኝ ይኸ ነው።

የመጀመሪያው በረራ ጥር 20። ጥር 20 ረቡዕ ነው።

"ገበያ ነው እኮ!" አልኳቸው አቶ እንዳልካቸውን። ደነገጡ። እሳቸውም ልብ አላሉትም። ለዳንኤል ደወሉለት። ድምፁ ይቆራረጣል፤ መርፌው ከመጋዘን የሚለቀቀው በዚያው ቀን ነው፣ ከሰው በላይ ማለፍም ተፈቅዷል፣ ችግር የለም ይላል። "እንግዲህ በድምፅ ማጉያ እናስነግራለን" አሉ ስልኩን ሲዘጉ። "ሰው አስቀድሞ ካወቀ አይደነግጥም።"

አይደነግጥም? ወፍጮውን አላዩም ነበር እሳቸው።

ጥር 19፣ ማክሰኞ

ፈቃድ ወስጄ ወደ እማ ወረድኩ። እንደደረስኩ ሳልቀመጥ ነገርኳት። ቃለ ጉባኤውን፣ ለሷም ለቄስ ገብረ መድኅንም የዋሸሁትን፣ ዳዊቴ ውስጥ የቀረውን ወረቀት። ምስር እያበጠረች ነበር።

ዝም አለች።

"እማ፣ ነገ አትውጪ። ጎረቤቶችሽንም አስቀሪ።"

ዝም።

"ይቅር በይኝ።"

ምስሩን ማበጠሯን ቀጠለች። አባቴ መስላ ታየችኝ። እንደዚያ ቀን ጮኼ ላብድ ምንም አልቀረኝ። ልሄድ ስነሣ ነው የተናገረች።

"እኔ ብቀር የኛ መንደር ይቀር ይሆናል። ከማዶ ለሚመጣው ማን ይነግረዋል? በሩ አፍ ላይ ቆሜ እጣራለሁ።"

"እማ፣ ተዪ!"

"ሂጂ በጊዜ፣ ፀሐይ ሳይከርርብሽ።"

አቅፋ ሳመችኝ። ይቅር ብዬሻለሁ ግን አላለችም። ዳገቱን እስክወጣ ስጠብቀው ነበር፣ ከኋላዬ ትጠራኝ እንደሆን።

ጥር 20፣ ረቡዕ

እማ።

ጥር 25፣ ሰኞ

ልጻፈው። ካልጻፍኩት ሌላ ሰው እኔ እንደጻፍኩት አድርጎ ይጽፈዋል።

በድምፅ ማጉያ የተነገረው ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ገበያው መሐል ነው። የሰማው ቀድሞ የወጣው ሰው ነው። መንገድ ላይ ያለው ምን ይስማ? ለአራት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ሲሆን መጣ። ድምፁ ከወፍጮው ያንሳል፤ ቀጭን ነው። ግን ከላይ ነው። ገበያው ተነቀለ። ሰው ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ሲሮጥ እኔ ወደ በሩ ሮጥኩ።

እማ ከንጋት ጀምሮ በሩ አፍ ላይ፣ በላይኛው በኩል ቆማለች። ከታች ሃያ የሚሆን ሰው ከነጭነቱ ወደ በሩ ገብቶ ነበር። እሷ "ያዝኩ! ያዝኩ!" እያለች ከላይ የሚወርደውን ታግዳለች። ያ ነገር በገደሉ አፋፍ ብቅ ሲል ጥሪዋ ጠፋ። አፏ ሲከፈት ነበር እንጂ ድምፅ አልነበረም አለኝ አጠገቧ የነበረ ሰው። ያኔ ከላይ በኩል ጨው የጫነች በቅሎ በርግጋ መጣች። በሩ ውስጥ ብትገባ ያን ሁሉ ሰው ጠርጋ ነበር የምትወስደው። እማ ገመዷን ያዘች። አልለቀቀችም።

ሌላ ሰው አልተጎዳም። አንድም።

እኔ ስደርስ ከታችኛው እርከን ላይ አየኋት፣ በነጠላዋ አወቅኋት። በጠፍር አወጧት። ትተነፍስ ነበር። ታውቀኝ ነበር። ደሙ ግን አልቆም አለ። በቃሬዛ ስንወስዳት ሰው እየተፈራረቀ ሮጠ፣ እኔ እጇን እንደያዝኩ። የሾላው ዛፍ ጋ ስንደርስ እጇ ከበደኝ።

ጤና ኬላው ስንገባ መርፌው ጠረጴዛው ላይ ነበር። ሳጥኑ አልተከፈተም። በዐሥራ ሁለት ደቂቃ ነው የደረሰ። ዳንኤል አልዋሸም።

ማሬ ደርሳ መርፌው አልደረሰላትም ነበር። አሁን መርፌው ደረሰ።

የካቲት 3፣ ማክሰኞ

ለቅሶ እየተቀመጥን ነው። ዳንኤል ደወለ፤ ያለቅሳል፤ ምን ልበለው? ዘገባ ወጥቷል፤ "አንዲት ሴት ከበረገገች በቅሎ ጋር ወደ ገደል ወድቀው ሕይወታቸው አልፏል፤ ከበረራው ጋር የተያያዘ ጉዳት አልተመዘገበም" ይላል። በቅሎዋ ለምን እንደበረገገች ሣጥን የለውም መሰለኝ። በረራው ቀጥሏል። ረቡዕ ረቡዕ ያልፋል።

ዛሬ ሽማግሎቹ በተቀመጡበት ለቄስ ገብረ መድኅን ሁሉንም ነገርኳቸው። "እምቢ ያላችሁትን አልተቃወሙም ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ። እናቴን የገደልኩ እኔ ነኝ" አልኩ። ድንኳኑ ጭጭ አለ። ከሽማግሎቹ አንዱ ጋቢያቸውን ሰብስበው ተነሡ። ሌላውም። አንድ በአንድ ወጡ።

ያን ዝምታ የሚተረጉምልኝ ሰው አልፈለግሁም።

ቄስ ገብረ መድኅን ብቻ ቀሩ። "ያን ዕለት ስጠይቅሽ ብትነግሪኝ" አሉ። እንባቸው ጺማቸው ላይ ወረደ። "እኛም አፍ ነበረን፣ ልጄ። አንቺ ታውቂያለሽ ብለን ባንቺ ላይ ጣልነው።" ንስሐዬን ሰጡኝ። ሰባት ሱባዔ። "ደግሞም" አሉ፣ "ሌላ ቀን ከጠየቁን እንደሆነው ጻፊው።"

የካቲት 10፣ ማክሰኞ

ዐቢይ ጾም ገብቷል። ዛሬ ሁለተኛው ስብሰባ ተደረገ። ኩባንያው በየቀኑ ለመብረር፣ እንደ በፊቱም ከደንቡ ነፃ ለመሆን ጠይቋል። የመጣው ሌላ ሰው ነው፤ ዳንኤል አልመጣም። ያው ወይራ ሥር። ሰማንያ ሦስት ሰው መጣ። ሰውየው አስረዳ። አቶ እንዳልካቸው ጠየቁ። ዝም። ቄስ ገብረ መድኅን ተነሥተው እንግዳውን አሳለሙት። ሊሄዱ ሲሉ ዞር ብለው እኔን አዩኝ፤ ሰውም ሁሉ አየኝ። ለመጀመሪያ ጊዜ ማንም ሳይሄድ ቆመ፣ ጽፌ እስክጨርስ።

እንዲህ ብዬ ጻፍኩ። "ይሁን የተባለ ነገር የለም። በዚህ አገር ጉባኤ ይሁን ካልተባለ እምቢ ነው። ዝንጀሮ በር ላይ መልስ ከሌለ ይታለፋል፤ እዚያ መልስ የሚጠፋው በሩ ውስጥ ሰው ስለሌለ ነው። እዚህ ግን ሰማንያ ሦስት ሰው ነበረ።" ጮክ ብዬ አነበብኩት። ሲያልቅ፣ "ይሁን" አሉ ቄስ ገብረ መድኅን። "ይሁን፣ ይሁን" አለ ሕዝቡ።

አቶ እንዳልካቸው ቅጹን አዩት፣ ሁለቱን ሣጥን። "ይቃወማል" በሚለው ላይ ራሳቸው ምልክት አደረጉና ማኅተሙን መቱበት። የታኅሣሡንም ወረቀት ከዳዊቴ አውጥቼ አያያዝኩት። ቀኑ አልፏል፤ ቢሆንም ይሂድ።

መልሱ መቼ እንደሚመጣ አይታወቅም። እስከዚያ ያ ነገር ማለፉን አይተውም። ነገ ረቡዕ ነው፤ ሰማዩም ጥርት ብሏል። እስከ አምስት ሰዓት ፈቃድ ጠይቄያለሁ። የእማን ነጠላ አጥቤ አስጥቻለሁ፣ እስከ ጠዋት ይደርቃል። በሩ አፍ ላይ ቆሜ የምጣራው እኔ ነኝ።